ለሚዳቋ ከመዝራትህ በፊት ለከብትህ ዝራ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ያላዩት እንዲረዱ በአጭሩ ልድገመው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬ አካባቢ፣ ከአባትህ የወረስከው ገደል አፋፍ ላይ ያለ መሬት አለህ። ሲመሽና ሲነጋ ሚዳቋ ብቅ ትላለች። አልፎ አልፎም ድኩላ ይታያል። አሜሪካ ያለው ወንድምህ፣ እዚያ ሰዎች ለአጋዘን ብለው የሚዘሩትን የመኖ ማሳ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከልህ። አንተም "እንደዚያ ዘርቼ ላቅርባቸው፣ ላብላቸው፣ ወደፊትም እንግዳ መጥቶ ይያቸው፤ ምን ልዝራ?" አልክ።

ሐሳብህ ደስ ይላል። የዱር እንስሳ ሲያይ ድንጋይ የሚያነሳ እንጂ ምን ይበላ ይሆን ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አይገጥምም። እኔም ወገራ ውስጥ በቤተሰባችን መሬት ላይ ይህንኑ ስሠራ ዓመታት ስላለፉ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

መልሴ በአጭሩ ይህ ነው። ሚዳቋዋን ከሁሉ በላይ የሚጠቅማት ለከብቶችህ የምትዘራው መኖ ነው። ነገሩ የተገለበጠ ሊመስልህ ይችላል። ምክንያቱን ስነግርህ ግልጽ ይሆናል።

ቪዲዮው ላይ ያየኸው ሥራ በቦታው ትክክል ነው። ባለ ነጭ ጭራው የአሜሪካ አጋዘን የእርሻ ዳር ኑሮ የለመደ እንስሳ ነው። ሰዎቹ ክሎቨር (የእኛ ማገጥ ዘመድ)፣ አጃ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ የጎመን ዘሮችም ይዘሩለታል። አፈሩን አስመርምረው አሲዳማ ከሆነ ኖራ ይጨምሩበታል። የአሲድነቱ መለኪያ፣ ፒኤቹ፣ ከ6 እስከ 7 እንዲሆን ይፈልጋሉ። በሰሜን ግዛቶቻቸው እንስሳው የሚቸገረው በረዶ ምድሩን ሲሸፍን ነው። ከዘሪዎቹ ብዙዎቹ አዳኞች ናቸው፤ እንስሳው መሬታቸው ላይ እንዲቆይላቸው ይፈልጋሉ። መሬቱም የግል ነው። እረኛ አይገባበትም፣ የጎረቤት ከብት አይሰማራበትም።

እኛ ጋ ግን ክፉው ወቅት በጋ ነው። ክሎቨሩን በሰኔ ብትዘራው በነሐሴና በመስከረም ለምልሞ ታየዋለህ። በዚያ ጊዜ ግን አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ሚዳቋዋም ምንም አልጎደላት። የምትቸገረው ከየካቲት ጀምሮ ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ነው። ያን ጊዜ የዘራኸው ክሎቨር ደርቆ አፈር ሆኗል።

እንዲያውም እስከዚያ አይቆይም። እህሉ ታጭዶ ሲነሳ ልቅ ግጦሽ ይጀመራል። የቀበሌው በሬ፣ ላም፣ በግና ፍየል ያገኘውን አረንጓዴ ነገር ሁሉ ይግጣል። ለሚዳቋ ብለህ የዘራኸውን ቀድሞ የሚያገኘው የጎረቤት ፍየል ነው። ከፍየሉ ኋላ ደግሞ ውሻ አለ። ሚዳቋ የውሻ ጩኸት የለመደ ቦታ ላይ ምን የመሰለ መኖ ቢኖር አትቆምም።

በዚያ ላይ የአፏም ነገር አለ። ሚዳቋም ድኩላም ለጋ ቅጠል፣ እንቡጥና የወደቀ ፍሬ የሚለቅሙ እንስሳት ናቸው። እንደ በሬ ጠንካራ ሣር እየጋጡ አይኖሩም። ሣር የሚወዱት ጭላዳዎች ናቸው። አንተ ባለህበት ገደል ዳር ለስላሳ ሣርና ክሎቨር ብትዘራ መጀመሪያ የሚወርሱት እነሱ ናቸው። ጭላዳ ማየት ደስ ይላል፤ እንግዳም ይወዳቸዋል። ነገር ግን መንጋው መሬትህን ከለመደ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ጎረቤትህ ገብስ ነው። ይህን አስቀድመህ አስብበት።

ከእኛ ሰፈር ምስክር ልጥቀስ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከምክንያቶቹ ውስጥ የእርሻ መስፋፋትና የከብት ግጦሽ ጫና ነበሩበት። በ2017 ከዚያ መዝገብ ሲወጣ ለዋልያ መኖ ስለተዘራለት አይደለም። ግጦሹን ለመቀነስና ለእንስሳቱ ቦታ ለመልቀቅ ብዙ ስለተሠራ ነው። ነዋሪው የከፈለውም ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ግጭ ሰፈር የነበሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ገብተዋል። አንተ መሬትህ ላይ የምትሠራው ያንኑ ነው፤ በትንሹ፣ ማንንም ሳታፈናቅል።

ስለዚህ ሥራው ከከብት መኖ ይጀምራል። ከቤትህ ጎን ባለው የእርሻ መሬት እርከን ላይ ደሾ ሣር ትከል። ዘር አያስፈልገውም፤ ከነሥሩ ተገንጥሎ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይተከላል። እርከኑንም ይይዝልሃል። ትንሽ መሬት ካለህ አጃና ቬች የሚባለውን የመኖ ጥራጥሬ ቀላቅለህ ዝራና አበባ ሲይዝ አጭደህ ድርቆሽ አድርገው። ከብቱን አስረህ አጭደህ አብላ። ይህን ስታደርግ ገደል አፋፉ ላይ ያለው ተዳፋት ያርፋል። ለሚዳቋዋ የምትሰጣት ትልቁ ስጦታ ይህ ዕረፍት ነው።

የተከለለ ተዳፋት ምን እንደሚያበቅል ካላየህ አታምንም። በእኛ መሬት ማንም ሳይተክለው መጀመሪያ የተመለሰው ማገጥ ነው። አበባው በመስከረም ከአደይ ጋር ምድሩን ሲሸፍን ንቡን አትጠይቀኝ። ቀጥሎ እምቧጮና ክትክታ መጣ። ከዚያ ቀጋው ተጠላለፈ። ከእሾሁ መካከል ፍየል ያልደረሰበት የወይራ ቡቃያ ብቅ አለ። ቁጥቋጦው ሰው ወገብ ሲደርስ በጠጥ ማየት ጀመርን። ከፍየል በጠጥ አነስ ያለ፣ በአንድ ቦታ የተከመረ። ሚዳቋዋ እኛ ሳናያት ገብታ ነበር።

ድኩላ ግን ዘገየ። እሱ ጥቅጥቅ ያለ መሸሸጊያና በአቅራቢያው ውሃ ይፈልጋል። ሌሊት ይወጣል፤ ሲነጋ ይገባል። ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል፤ መጀመሪያ መኖሩን ያወቅነው በድምፁ ነው። ሚዳቋ ከለጋ ቅጠል በምታገኘው እርጥበት ብዙ ጊዜ ውሃ ሳትጠጣ ትቆያለች። መሬትህ አጠገብ ምንጭ ከሌለ ተስፋህን እሷ ላይ አድርግ።

አሁን ወደ ምትተክለው ልምጣ። ተዳፋቱ ከተከለለ በኋላ መትከል ዋጋ አለው፤ ከዚያ በፊት ግን የለውም።

ለበጋው ችግር የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ትሪ ሉሰርን ነው። ከካናሪ ደሴቶች የመጣ ቁጥቋጦ ዛፍ ነው፤ ለደጋችን ግን እንደተፈጠረ ሆኖ ተስማምቶታል። በበጋ ቅጠሉ አይረግፍም። በፕሮቲን የዳበረ ስለሆነ ለበግህም ለላምህም ይሆናል። ንብም ይወደዋል። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ትኩስ ውሃ አፍስሰህበት አሳድረው፤ ካልሆነ ቶሎ አይበቅልም። ችግኙን ዝናቡ ሲረጋ፣ በሐምሌ ትከል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ አይሆንም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ተዳፋት መሬትህ ለዚህ ጥሩ ነው። ውርጭም ለጋውን ችግኝ ይጎዳዋልና ብርድ ከሚተኛበት ጉድጓዳ ቦታ አርቀው።

አንድ ነገር ልብ በል። ሚዳቋ ትከሻዋ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ዛፉን ወደ ላይ እንዲያድግ ከተውከው ለእሷ ሰማይ ላይ ያለ ምግብ ነው። ጉልበት ከፍታ ላይ እየቆረጥክ ከታች እንዲያቆጠቁጥ አድርገው። የቆረጥከውን ለበጎችህ ስጥ። ዛፎቹንም በአንድ ማሳ እንደ እህል አትትከላቸው። ከቁጥቋጦው ጥግ ጥግ፣ ሁለት ሦስት አድርገህ በትናቸው። ሚዳቋ ሜዳ ላይ ወጥታ መብላት አትወድም። አንድ ዘላ የምትሸሸግበት ቦታ ሲኖር ነው አንገቷን የምትደፋው። ነብርም አለና ልክ ናት።

ትሪ ሉሰርንን ወደ ፓርኩ ክልል እንዳትወስደው ግን አደራ። መጤ ተክል ነው። ራሱን ሊያዛምት ይችላል። እዚያ ላሉት እንስሳት አገር በቀሉ ተክል ይበቃቸዋል።

ከአገር በቀል ቀጋ፣ ወይራና ኮሶ ትከል። ቀጋ ፍሬው ይበላል፤ እሾሁ ደግሞ አጥር ይሆናል። የሽቦ አጥር አትጠር፤ ድኩላ ሲደነግጥ ይጠላለፍበታል። ወይራ እስኪያፈራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቢሆንም ትከለው። ከገደሉ በታች ወረድ ያለ መሬት ያለው ሰው ዋንዛና ሾላ ይጨምር። ጦጣና ዝንጀሮ ከላይ ሲበላ የሚያንጠባጥበውን ፍሬ ድኩላ ከሥር ይለቅማል።

ባሕር ዛፍ በአጠገቡ አይሁን። ከሥሩ ብዙ ነገር እንደማይበቅል ጎንደር ዙሪያ ያለን ሰዎች ሁላችንም እናውቃለን። አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክልም ብዙዎች ይመክሩሃል። በእኛ ደጋ አሲዳማ አፈር ላይ ኖራ ካልተጨመረበት አይሆንም፤ ገንዘብህን ያባክናል። ከመትከልህ በፊት አፈርህን አስመርምር። ለመኖ ዘርና ለችግኝ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቅ። አዘዞ ያለው የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከልም ስለ መኖ የሚያማክር ሰው አያጣም።

ከሁሉ በላይ ልብህን የምፈልገው ለጎረቤቶችህ ነው። ሚዳቋ የባቄላና የአተር ቡቃያ ትወዳለች። መሬትህ ላይ ከበዛች የሰው ማሳ ትነካለች፤ ይህ የማይቀር ነው። ያ ገበሬ ወጥመድ ቢያጠምድ በእሱ አልፈርድም፤ የዓመት ጉርሱ ነው። ስለዚህ የምትተክለውን ከማሳ ድንበር አርቀህ ወደ ገደሉ አድርገው። ከመከለልህም በፊት ሽማግሌዎቹንና እረኞቹን አነጋግር። መሬቱ ያንተ ቢሆንም በጋ ላይ ከብት ሲሰማራበት ለኖረ ሰው መዘጋቱ ጉዳት ነው።

እኛ ያደረግነው ይህ ነው። ከተከለለው ውስጥ በጥቅምትና በኅዳር ሣሩን ጎረቤቶች እያጨዱ እንዲወስዱ ፈቀድን። ማጭድ ይገባል፣ ከብትና ውሻ አይገባም። የደሾ ግንጣይም ለሚፈልግ ሰጠን። ከዚያ በኋላ ክልሉን የሚጠብቁት እነሱ ሆኑ። ልጅ ውሻ ይዞ ሲገባ የሚቆጣው እኔ ሳልሆን ጎረቤቴ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ የትኛውም አጥር አያድነንም ነበር።

ስለ ጨው ጠይቀህ ነበር፤ አሞሌ ላስቀምጥላቸው ወይ ብለህ። አታስቀምጥ። በጎችህም ሚዳቋዋም አንድ ጨው ከላሱ በሽታ ይለዋወጣሉ። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ (ደስታ የሚባለውን የከብት ወረርሽኝ የሚመስለው) የዱር እንስሳንም ይይዛል። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው ረሃብ የተነሳው በደስታ በሽታ ከብቱ ስላለቀ ነበር። ያ በሽታ በአፍሪካ የጨረሰው በሬን ብቻ አይደለም፤ ጎሽና አጋዘንም አልቋል። አሜሪካኖችም ዛሬ አጋዘን በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲበላ የሚዛመት ከባድ የአንጎል በሽታ አለባቸው። በዚህ የተነሳ በብዙ ቦታ እህል ደፍቶ ማብላትን ከልክለዋል። ስለዚህ እህልም አትድፋ። በጎችህንና ፍየሎችህን በወቅቱ አስከትብ፤ ይህ ለሚዳቋዋም ክትባት ነው።

የእንግዳው ነገር ይቻላል፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አትቸኩል። ሰው የሚቆምበትን ቦታ ከቁጥቋጦው ራቅ አድርገህ፣ ነፋሱ ከእንስሳው ወደ ሰው በሚነፍስበት ወገን ምረጥ። ሲነጋና ሲመሽ ብቻ፣ በጸጥታ። ወደ ቁጥቋጦው ውስጥ ማንም አይግባ። በተለይ ግልገል ባለበት ጊዜ እናትየው ከሸሸች ግልገሉን ጅብ ወይም ቀበሮ ያገኘዋል።

መሬትህ ላይ ሚዳቋ አለ ሲባል ጠመንጃ ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ይህን ለእንግዳም ለዘመድም አስቀድመህ ንገር። ያየኸውን ሁሉ በፎቶ ከነቦታው አትለጥፍ፤ እዚህም ቢሆን።

በዚህ ዓመት የምትችለው ደሾውንና የትሪ ሉሰርን ችግኙን ነው። የችግኝ ጣቢያዎች የሚያፈሉት ቀድሞ በተጠየቀው መጠን ስለሆነ እስከ ጥር ድረስ ተናገራቸው። ሽማግሌዎቹን ደግሞ ከዚያም በፊት፣ ከብቱ ወደ ቃርሚያ ሳይለቀቅ አነጋግር። ተዳፋቱ ወደ የት እንደሚያይና ውሃ የሚተኛበት ቦታ መኖሩን ከጻፍክልኝ የቱ ጋ ምን ቢተከል እንደሚሻል አብረን እናያለን።