መጀመሪያውን አትዝለይው

እህቴ፣ አባትሽ ካረፉ ወዲህ እናትሽ አንቺ ጋ እንደሆኑ፣ ልጆችሽ ከአያታቸው ጋር «አፕ» (Up) የተባለውን የካርቱን ፊልም ለማየት እንደጓጉ፣ አንቺ ግን መጀመሪያ ላይ የዋናው ባለታሪክ ሚስት ስለምትሞት ያንን ክፍል ልዝለለው ወይ ብለሽ መጠየቅሽን አነበብኩ። እኔም አባቴን በቀበርን ዓመት ከእናቴና ከልጆቼ ጋር ስላየሁት የምለው አለኝ። አትዝለይው።

ፊልሙን ሁሉም የሚያስታውሰው በፊኛዎቹ ነው። ካርል የሚባል የ78 ዓመት አዛውንት ቤቱ ላይ እልፍ ፊኛ አስሮ ከነቤቱ ወደ ደቡብ አሜሪካ ይበራል፤ ራስል የሚባል ትንሽ ልጅም ሳይታሰብ በረንዳው ላይ ተገኝቶ አብሮት ይሄዳል። ሰውየው ለምን እንደሚሄድ የሚገባሽ ግን ልትዘልይው ባሰብሽው ክፍል ነው። ካርልና ሚስቱ ገና ልጆች ሳሉ አንድ ፏፏቴ ጋ ሊወስዳት ቃል ገብቶላታል። ይጋባሉ፤ ልጅ ሳይሆንላቸው ይቀራል። ለጉዞው ሳንቲም ያጠራቅማሉ፤ ጎማ ሲፈነዳ፣ እግሩ ሲሰበር፣ ዛፍ ጣሪያቸው ላይ ሲወድቅ ያጠራቀሙበትን እየሰበሩ ያወጡታል። ያረጃሉ፤ እሷ ትሞታለች። ከሰርጋቸው ወዲህ ያለው ይህ ሁሉ አንድም ቃል ሳይነገር በአራት ደቂቃ ገደማ ያልፋል፤ የሚሰማው ኦስካር ያገኘው የማይክል ጃኪኖ ሙዚቃ ብቻ ነው።

እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ሌላ ፊልም ስናይ «ምን አለ?» ማለት ይሰለቻትና ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። እዚህ ግን ከማናችንም እኩል ተከተለችው። ሳንቲሙ ለጣሪያው ሲወጣ «እንዲህ ነው እኮ!» አለች። ከዚያ ለኛ እንኳ ነግራን የማታውቀውን ለልጆቼ ነገረቻቸው። አባቴ ገናን ላሊበላ አብረን እናከብራለን ሲላት ኖሯል፤ አንድ ዓመት የእኛ ትምህርት ቤት፣ ሌላ ዓመት የቤቱ ቆርቆሮ ይቀድማል። «ለከርሞ ይሁን እያልኩ ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አለች። ይህንን ሁሉ ጊዜ በሆዷ ይዛው ነበር።

ለዚህ ነው ፊልሙን የምወደው። ካርል ቤቱን በአትክልት ማጠጫ ጎማ ከሰውነቱ ጋር አስሮ በዚያ አለታማ አምባ ላይ ሲጎትት ታዪዋለሽ፤ የሚጎትተው ያልፈጸመውን ቃል ነው። ሲደርስ የሚስቱን አልበም ይከፍታል። ባዶ ነው ብሎ የተወው ገጽ አብረው በኖሩባቸው ዓመታት ፎቶ ሞልቶ ያገኘዋል። መጨረሻ ላይ ስለ ጉዞው አመስግናው፣ አሁን አንተ አዲስ ጀምር ብላ ጽፋለታለች። ያኔ እናቴ «እሷማ ዕዳ አልጠየቀችውም» አለች። ሰውየው የቤት ዕቃውን እያወጣ መጣል ሲጀምርና ቤቱ ቀሎ ሲነሳ አለቀሰች፤ ያ ለቅሶ ግን ቀብር ላይ እንዳየሁት አልነበረም።

ለልጆቹ የሚከብዳቸው ሞቱ አይመስለኝም። የኔዋ ትንሿ ባልና ሚስቱ ሆስፒታል ያሉበት ቦታ ጋ «ለምን አዘነች?» ብላ ጠየቀች፤ እናቴ «ልጅ ፈልገው ሳይሆንላቸው ቀርቶ ነው» አለቻት፤ በቃ። የሚያስፈራው ወደ መጨረሻው ነው፤ ሙንትዝ የሚባለው ሽማግሌ አሳሽ ውሾቹን ይዞ ሲያሳድዳቸው፣ ሲተኩስ፣ ከከፍታ ላይ ሲወድቅ። ስድስት ዓመቱ ነው ላልሽው ልጅሽ እዚያ ጋ እቅፍ ያስፈልገዋል። በተረፈ የሚናገሩት ውሾችና ትልቋ ወፍ ያስቁታል። ፏፏቴው የተሳለው በቬንዙዌላው ኤንጀል አምሳል ነው፤ 979 ሜትር ከፍታ አለው። ከፊልሙ በኋላ ፎቶውን አሳዪያቸው፣ ይደነቃሉ።

ርዝመቱ 96 ደቂቃ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ጀምሩት፤ ማታ ከሆነ ትንሹ አልበሙ ጋ ሳይደርስ ይተኛል። እናትሽ ካለቀሱ ልጆቹን አታስወጪ፣ ስለ ወንድ አያታቸው መጠየቅ ከጀመሩም ፊልሙን አቁሚውና ይንገሯቸው።