ጸልዬም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ እምነቴ ጎድሎ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ከጥቂት ወራት ወዲህ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደንግጬ እነቃለሁ። ልቤ በኃይል ይመታል፣ እጄን ይደነዝዘኛል፣ አሁኑኑ የምሞት ይመስለኛል። ተነሥቼ ዳዊት እደግማለሁ፤ ልቤ ካልረጋ «በትክክል አልጸለይኩም» ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። አንዳንድ ቀን እንዲሁ ይነጋል። የሚያውቁኝ «እምነት ስለጎደለሽ ነው» ይሉኛል። ሐኪም ጭንቀት ነው ብሎ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ጠበል ልግባ ስል ደግሞ «መድኃኒቱን ካልተውሽ አይሠራልሽም» አሉኝ። መጨነቄ ኃጢአት ነው? መድኃኒቱን ልተው? ጾሙንስ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ መድኃኒቱን በራስሽ ፈቃድ እንዳታቆሚ። ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን።

«እምነት ስለጎደለሽ ነው» የሚሉሽ ሰዎች የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26ን ቢያነቡ መልካም ነበር። ጌታችን ከኃጢአት በቀር የእኛን ሁሉ ገንዘብ አድርጎ፣ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል። ሉቃስም ወዙ እንደ ደም ነጠብጣብ ወደ ምድር ይወርድ እንደነበር ጽፏል። ይህን የእምነት ማነስ ብሎ የሚደፍር ማን ነው? ኤልያስንም ተመልከቺ። በቀርሜሎስ እሳት ያወረደው ነቢይ ብዙም ሳይቆይ ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ፣ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም እንደገና ቀስቅሶ አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው የእግዚአብሔር ጥያቄ የመጣው ከእንቅልፉና ከምግቡ በኋላ፣ ኮሬብ ሲደርስ ነው። እኛ ግን ለተጨነቀ ሰው ጥያቄውን እናስቀድምና እንጎቻውን እንረሳለን።

በማቴዎስ 6 ያለውን «አትጨነቁ» ከቁጥር 24 ጀምረሽ አንብቢው። ለሁለት ጌቶች ስለመገዛት ይጀምርና ስለሚበላውና ስለሚለበሰው ይቀጥላል። ለነገ ሲል ልቡን ለገንዘብ የሚያስገዛን ሰው ይመልሳል እንጂ ሌሊት ደረቱ የሚመታበትን አይከስስም። ጭንቀት ወደ ኃጢአት የሚያደርስበት መንገድ ግን አለ። ነገን ፈርቶ መዋሸት፣ የሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረት፣ ጠንቋይ ቤት መሄድ፤ እነዚህ ንስሐ ይሻሉ። ድንጋጤው ራሱ ሕመም ነው።

ከጻፍሽው ሁሉ እኛን ያሳሰበን ዳዊቱን እንደገና የምትጀምሪበት ምክንያት ነው። የልብሽን መርጋት የጸሎትሽ መለኪያ አድርገሽዋል፤ ከረጋ ጸሎቱ ተሰማ፣ ካልረጋ አልተሰማም። እንዲህ ሲሆን ጸሎት ማስታገሻ ይሆናል፤ ማስታገሻ ደግሞ ካልሠራ መጠኑ ይጨመራል። በአፍሽ መዝሙሩን እያነበብሽ በውስጥሽ «ረጋ ወይስ አልረጋም?» እያልሽ ልብሽን ትጠብቂያለሽ፤ ጥበቃው ራሱ ድንጋጤውን ያቆየዋል። መደጋገም በራሱ ጥፋት የለውም። ጌታ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ጸልዮአል፤ እኛም 41 ጊዜ ኪርያላይሶን እንላለን። እነዚህ ግን መጨረሻቸው የታወቀ ነው። ጌታ ሦስተኛውን ሲፈጽም «ተነሡ፥ እንሂድ» አለ፤ ጽዋው ግን አላለፈም ነበር።

ስለዚህ መጠኑን ከንስሐ አባትሽ ጋር ወስኚ። የዕለቱን ዳዊት በሙሉ፣ ለምሳሌ የሰኞውን ከ1 እስከ 30፣ ሌሊት ላይ መያዝ አሁን ላለሽበት ሁኔታ ይከብዳል። አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ ከዕለቱ ውዳሴ ማርያም ጋር በቀን ወይም በሠርክ ይበቃሻል። ሌሊት ስትነቂ አቡነ ዘበሰማያትና መዝሙር 90ን («ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል») አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚ። ቃል ቢያመልጥሽም፣ ሐሳብሽ ቢበተንም ወደ ኋላ አትመለሺ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከባድ ናቸው፤ «አልሞላም» የሚለው ስሜት ይበረታል። ካልታዘዝሽለት ግን እየደከመ ይሄዳል።

የእጅሽ መደንዘዝም ምክንያት አለው። የደነገጠ ሰው ሳያውቀው ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ መደንዘዝና ማዞር ከዚያ ይመጣል። ድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ይበረታና ከዚያ ይወርዳል። ተቀምጠሽ፣ በልብሽ «እግዚኦ» እያልሽ በአፍንጫሽ ሳቢ፤ «መሐረነ ክርስቶስ» እያልሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። የሚገባው 4 ሰከንድ ከሆነ የሚወጣው 6 ይሁን። ትንፋሹ ሥጋን ለማገዝ ነው፤ ባይስተካከልልሽም ጸሎቱ ጸሎት ነው። የደረት ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ራስሽን ከሳትሽ፣ ድንጋጤ ነው ብለሽ ሳትቆዪ ሐኪም ቤት ሂጂ። የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የደም ማነስም ልብን ስለሚያስመቱ ምርመራ ካላደረግሽ ሐኪሙን ጠይቂ።

መድኃኒቱን በተመለከተ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ግልጽ ነው። እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ ይናገራል፤ ታማሚው እንዲጸልይ፣ ለሐኪሙም ቦታ እንዲሰጥ በዚያው ምዕራፍ ያዛል። በእንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ያቋርጡ በነበረበት ጊዜም፣ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ እንደማይቃረኑም በይፋ ተናግረዋል።

ለጭንቀት በየቀኑ የሚዋጡ መድኃኒቶች ውጤታቸው የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ጥቂት ሊያብሱም ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚተዋቸው እዚህ ላይ ነው። በድንገት ሲቆሙ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና መረበሽ ያመጣሉ። ይህ ጠበል ቦታ ላይ ሲደርስ «መንፈሱ ተነሣ» ይባላል፤ ታማሚው የመድኃኒት መቋረጥ ሳለበት ሌላ ፍርሃት ተጨምሮለት ይመለሳል። ክፉ መንፈስ ሰውን በፍርሃት እንደሚፈትን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ መለየቱ ግን የካህን ሥራ ነው እንጂ የጎረቤት አይደለም። ማቆም ሲያስፈልግ ሐኪሙ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ይቀንስልሻል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያኑ ቀን ሰው አስከትለሽ ሆስፒታል ሂጂ።

ጠበሉን በሰባት ቀን ሱባዔ መጀመር ትችያለሽ። ጠዋት በባዶ ሆድ ተጠመቂ፣ ጠጪም፤ ሐኪምሽ ከፈቀደ መድኃኒቱን ከዚያ በኋላ ከምግብ ጋር ውሰጂ።

ጾሙ አጭር መልስ ነው ያለው፤ ሕመምተኛ በንስሐ አባቱ ፈቃድ ይቀልለታል። ብዙውን ጊዜ የሚቀለው ሰዓቱ ነው፤ ከሥጋና ከወተት መከልከሉን ከቻልሽ ትቀጥያለሽ። በባዶ ሆድ አቦልና ቶና ከጠጣሽ በኋላ ልብሽ ቢመታ አትደነቂ። የቡናው ኃይል ከሰዓታት በኋላም በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ወዲህ ባትጠጪ ይሻላል። ስትቆርቢ ግን የ18 ሰዓቱ ጾም ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር ይጋጭ ይሆናል፤ የዚያን ቀን ከቁርባን በኋላ መዋጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ መልሱንም ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።