2 መስመር ነክቼ 800 መስመር ቀየርክ ተባልኩ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሦስት ሆነን አንድ ፕሮጀክት ላይ እንሠራለን። እኔ የምጠቀመው ዊንዶውስ ነው፣ ሁለቱ ሊኑክስና ማክ። ትናንት 2 መስመር አስተካክዬ ኮሚት ሳደርግ (ለውጡን ሳስመዘግብ) የኮድ ለውጥ የሚመዘግብልን ፕሮግራም፣ ጊት፣ 800ውም መስመር ተቀይሯል አለ። አፍጥጬ ባየውም ልዩነት የለውም። ጓደኞቼ ግን ኮዱን አበላሸኸው ብለው ደምድመዋል። ምን ይሻለኛል? ግራ የገባው ነኝ።

መልስ፦ አይዞህ፣ ምንም አላበላሸህም። ልዩነቱ አለ፣ በዐይን ስለማይታይ ነው። ሊኑክስና የአሁኑ ማክ መስመር ሲጨርሱ ኤልኤፍ የሚባል አንድ ምልክት ያስቀምጣሉ፣ ቁጥሩ 10 ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ከሱ በፊት ሲአር የሚባለውን፣ ቁጥር 13ን፣ ይጨምራል። ነገሩ የድሮው ቴሌታይፕ ቅሪት ነው፤ አንዱ ትእዛዝ የማተሚያውን ራስ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል፣ ሌላው ወረቀቱን ያንቀሳቅሳል። ማሽኑ ሙዚየም ገባ፣ ጣጣው ለእኛ ተረፈ። ኤዲተርህ ሴቭ ሲያደርግ መስመሩን ሁሉ ወደ ዊንዶውሱ ዓይነት ቀይሮታል ማለት ነው፤ ለጊት ደግሞ አንድ ባይት ከተጨመረበት ያ መስመር ሌላ መስመር ነው።

ብዙ ሰው ኦቶሲአርኤልኤፍ የሚባለውን፣ የመስመር መጨረሻን በራሱ የሚቀይረውን የጊት ሴቲንግ አብራው ይልሃል። ይሠራል፣ እኔ ግን አልወደውም። የሚቀመጠው በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ አንዱ ከረሳው ሁላችሁም ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ። ስምምነቱ ከኮዱ ጋር ይሂድ። በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ውስጥ ጊትአትሪቢዩትስ የሚባለውን፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን ፋይል ፍጠር። እዚያ ላይ ለሁሉም ፋይል ቴክስት የሚለውን ኦቶ አድርገው። ከዚያ በኋላ ጊት ጽሑፍ ነው ያለውን ፋይል ሪፖው (የፕሮጀክቱ የጊት ማከማቻ) ውስጥ በኤልኤፍ ያስቀምጠዋል። የሼል ስክሪፕቶችን (ባሽ በመሰለ ፕሮግራም የሚነሱ የትእዛዝ ፋይሎችን) ግን ለይተህ ሁሌም ኤልኤፍ ይሁኑ በል፤ ሲአር የገባበት ስክሪፕት ሊኑክስ ላይ ሲነሳ ያቺን የማትታይ ምልክት የባሽ ስም አካል አድርጎ ያነብና እንዲህ የሚባል ፕሮግራም የለም ብሎ ይቆማል። (እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ከሰዓት አቃጥያለሁ።) ባት ፋይሎች (የዊንዶውስ የትእዛዝ ፋይሎች) በተቃራኒው ሲአርኤልኤፍ፣ ማለትም ሁለቱም ምልክት ያላቸው፣ ይሁኑ።

ይሄ ብቻውን ሪፖው ውስጥ ያለውን የድሮ ፋይል አያጸዳም። «ጊት አድ» የሚለውን ትእዛዝ «ሪኖርማላይዝ» ከሚለው አማራጭ ጋር አሂድ፣ ከጊት 2.16 ጀምሮ አለ። ውጤቱን ለብቻው ኮሚት አድርግ፣ ከሌላ ሥራ ጋር እንዳትቀላቅለው። ከዚያ በፊት ግን ሁላችሁም በእጃችሁ ያለውን ሥራ መርጅ አድርጉ (ከዋናው ኮድ ጋር አዋህዱ)፤ አለዚያ የኮንፍሊክት፣ የሚጋጭ ለውጥ፣ መዓት ነው የሚወርድባችሁ። ብሌም ስታደርጉ (እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ስታዩ) መስመሩ ሁሉ በስምህ እንዳይመጣ ደግሞ ጊት ከ2.23 ጀምሮ የተወሰኑ ኮሚቶችን ዝለል ማለት ያስችላል።

ጓደኞችህን በተመለከተ፣ የመስመር መጨረሻን ችላ በሚለው አማራጭ ዲፉን (ጊት የሚያሳየውን የለውጥ ዝርዝር) አብራችሁ ክፈቱት። 2 መስመር ብቻ ነው የሚታያቸው።