ከመሶቡ በፊት መመሪያውን

እናቶቻችን ያስተማሩንን ስፌት፣ ጥልፍ ወይም ፈትል ከቤታችሁ ሆናችሁ ለመሸጥ ያሰባችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከሥራ ስመለስ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እሰፋለሁ። ሰፌድ፣ ሙዳይና ትንንሽ የዳቦ ማቅረቢያ እሠራለሁ። ስፌት መማር ለሚፈልጉ ደግሞ የማስተማሪያ ጥቅል እሸጣለሁ። በውስጡ ወስፌ፣ መስፊያ ሣርና የታተመ መመሪያ አለ።

መጀመሪያ የሸጥኩት ትልቅ ዕቃ መሶብ ነበር። ገዢዋ ሚኒሶታ ያለች ሙሽራ ናት። ሦስት ወር ሙሉ ሰፋሁት። ሳጥኑ በሁሉም ጎን 20 ኢንች ነው። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ከነሳጥኑ 6 ፓውንድ አልሞላም። ደስ ብሎኝ ልልክ ሄድኩ። የመላኪያው ሒሳብ ግን የ58 ፓውንድ ሆኖ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልልቆቹ የግል ላኪ ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በክብደት ብቻ አይደለም። ሳጥኑ የሚይዘውን ቦታም ይቆጥራሉ። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ቁመቱን በኢንች ያባዙና ብዙ ጊዜ ለ139 ያካፍሉታል። 20 በ20 በ20 ማለት 8,000 ነው። ለ139 ሲካፈል 58 ገደማ ይሆናል። ከእውነተኛው ክብደት የሚበልጠው እሱ ስለሆነ በእሱ ያስከፍላሉ። መሶብ ደግሞ ውስጡ አየር ነው። እኔ አየር በፓውንድ ከፍዬ ላክሁ። በዚያ ላይ ክዳኑ መንገድ ላይ ተጨፍልቆ ደረሰ። ሙሽራዪቱ ስልክ ላይ ስታለቅስ ሰማሁ። ገንዘቧን መለስኩላት። ልቅሶዋ ግን እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ከመስፋቴ በፊት ሳጥኑን እለካለሁ። ለሰፌድ 12 ኢንች ጠፍጣፋ ሳጥን ይበቃል። ሙዳዮችን አንዱ በአንዱ ውስጥ እንዲገባ አድርጌ በሦስት መጠን እሰፋለሁ። ሦስቱም በአንድ ትንሽ ሳጥን ይሄዳሉ። ስታሽጉ ውስጡን በወረቀት ሙሉት። በደንብ ያልደረቀ ስፌት በፕላስቲክ አትጠቅልሉ፣ ይሻግታል። ጀበና በፖስታ አልልክም። አንገቱ አይተርፍም። እሱን ባዛር ላይ በእጅ እሸጣለሁ።

አሁን ወደምወደው ልግባ። ብዙዎቻችን መመሪያውን እንደ ትርፍ ነገር እናየዋለን። እኔን በእግሬ ያቆመኝ ግን እሱ ነው። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ አንዴ ተደክሞበት ብዙ ጊዜ ይሸጣል። መመሪያውን ብቻ በአሜሪካ ውስጥ ስትልኩ የፖስታ ቤቱን ሚዲያ ሜይል፣ ማለትም መጻሕፍትና የመሳሰሉት የሚላኩበትን አገልግሎት ጠይቁ። ይዘገያል፣ ግን ርካሽ ነው። ቢያንስ 8 የታተመ ገጽ ይኑረው። የሌላ ዕቃችሁን ማስታወቂያ አታስገቡበት። ወስፌና ሣር ከጨመራችሁበት በዚህ ዋጋ አይሄድም። ፖስታ ቤቱ ከፍቶ የማየት መብት አለው፣ ስለዚህ በትክክል ላኩ።

መጻፉ ግን ከመስፋት ይከብዳል። እናቴ “እጅሽ ይነግርሻል” ትለኝ ነበር። ዴንቨር ላለች ደንበኛ እጅሽ ይነግርሻል ብዬ ልጽፍላት አልችልም። ስለዚህ ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥኩ። “ጣት ያህል” የምንለውን በሚሊ ሜትር ለካሁት። “ጭብጥ ያህል” ሣር ስንት ዘለላ እንደሆነ ቆጠርኩ። መሀሉ ላይ ያለው የመጀመሪያው ጥምዝ ብቻ 11 ፎቶ ፈጀብኝ። ከዚያ እዚህ ተወልዳ ያደገች የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁና መመሪያውን ሰጠኋት። አፌን ዘግቼ አየኋት። እጇ በቆመ ቁጥር ጥፋቱ የእኔ ዓረፍተ ነገር ነበር። አምስት ጊዜ ደግሜ ጻፍኩት። ግራውን ገጽ አማርኛ፣ ቀኙን እንግሊዝኛ አደረግኩት። የሣሮቹ ስሞች ስንደዶ፣ አክርማና አለላ፣ እንዲሁም ወስፌ የሚሉት ቃላት ግን በሁለቱም ገጽ በፊደላችን ናቸው። እባካችሁ ስማቸውን አትቀይሩባቸው። ልጆቻችን ስፌቱን ከነስሙ ይውሰዱት።

ሣሩን በተመለከተ፣ ከአገር ቤት በሻንጣ ስታመጡ መግቢያው ላይ በግልጽ አሳውቁ። የግብርና ተቆጣጣሪዎች የሚያዩት ነገር ነው። እኔ ለጀማሪዎች ጥቅል እዚሁ የሚሸጠውን ራፊያ የሚባል የዘንባባ ቅጠል ክር እጠቀማለሁ። እንደ አክርማ አይሆንም፣ ለመማር ግን ይበቃል።

ዋጋ ስታወጡ የመሸጫ ገጹን ድርሻ አትርሱ። ኤትሲ የሚባለው የእጅ ሥራ የኢንተርኔት ገበያ ለአንድ ዕቃ ለ4 ወር 20 ሳንቲም ያስከፍላል። ሲሸጥ ደግሞ 6.5 በመቶ ይወስዳል፣ ከመላኪያው ገንዘብም ጭምር። ለክፍያ ማስተላለፊያ አሜሪካ ውስጥ 3 በመቶና 25 ሳንቲም አለ። 40 ዶላር በሸጣችሁት ሰፌድ ላይ 10 ዶላር መላኪያ ካለ፣ ከ50ው 5 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያህል ይሄዳል።

አገር ቤት ያሉ ሰፊዎች ወይም ሸማኔዎች የሠሩትን የምትሸጡ ካላችሁ “እኔ ሠራሁት” አትበሉ። ሠሪዋን ተናገሩ። ክብሩ የእሷ ነው፣ ደንበኛም ይህን ይወዳል። ነጠላ ወይም ቀሚስ ከሆነ ከምን ክር እንደተሠራና የኢትዮጵያ ሥራ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ይሰፋበት፣ የአሜሪካ ሕግ ይጠይቃል። ቀረጡንም አስቡ። እስከ 800 ዶላር ያለቀረጥ ይገባ የነበረው ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ቆሟል። ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርቶች ያለቀረጥ አሜሪካ ከሚገቡበት ሕግ ከወጣችም ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ነው። የብራና መጽሐፍ፣ ያረጀ መስቀል፣ ጥንታዊ ሥዕል ግን አትንኩ። ቅርስ ነው። የሕዝብ ነው።

የወረቀታችሁን ነገር ሳታጣሩ አትጀምሩ። በተማሪ ቪዛ ወይም በአንድ አሠሪ ቪዛ ላይ ካላችሁ አስቀድማችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። አረብ አገር በቤት ሠራተኛ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያላችሁ እህቶቼ፣ ለእናንተ ከሁሉም በላይ እፈራለሁ። ከአሠሪ ውጭ መነገድ እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ፎቶውንና መመሪያውን አሁን አዘጋጁ፣ ሽያጩ ይቆያችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከወጪ ቀሪ ትርፋችሁ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ታክስ ላይ ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው። የሣሩንም የፖስታውንም ደረሰኝ አስቀምጡ።

የዴንቨሯ ደንበኛ ባለፈው ክረምት ደወለችልኝ። ሰፌዱ እየተጣመመባት ነበር። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። መጀመሪያ ሣሩን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ወስፌውን። በመጨረሻ “እማማ፣ እኔ እኮ ግራኝ ነኝ” አለችኝ። ፎቶዎቼ በሙሉ የቀኝ እጅ ነበሩ። አሁን መመሪያው መጨረሻ ላይ ለግራኞች 4 ገጽ ጨምሬአለሁ። ፎቶዎቹ ላይ ያለው እጅ የእሷ ነው።