«ቴዎቶኮስ»፦ ስለ ቃሉ ለጠየቃችሁኝ

እመቤታችን ማርያም ስለምትጠራበት ስለዚህ የጥንት ግሪክ ቃል ያላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። እነሆ መልሴ።

ጥ፦ «የአምላክ እናት» ማለት ነው አይደል?

ቅርብ ነው፣ ልክ እሱ ግን አይደለም። «ቴዎስ» አምላክ ነው፤ «ቶኮስ» ደግሞ «ቲክቶ» (እወልዳለሁ) ከሚለው ግስ ይወጣል። «አምላክን የወለደች» ማለት ነው፤ እናት የሚል ቃል ውስጡ የለም። «የአምላክ እናት» ለማለት ግሪኮች «ሜቴር ቴኡ» ይላሉ፤ በግሪክ ሥዕሎች ላይ ከእመቤታችን ራስ ግራና ቀኝ የምታዩዋቸው አራት ፊደላት የሱ ምህጻር ናቸው። የእኛ ግእዝ «ወላዲተ አምላክ» ሲል መውለዱን ሳይለቅ ነው የያዘው፤ ይሄ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ጥ፦ «-ኦስ» የወንድ መጨረሻ አይደለም እንዴ?

ብዙ ጊዜ አዎ። ጥምር ቅጽሎች ግን በአብዛኛው ለወንድም ለሴትም አንድ መጨረሻ ነው ያላቸው። ጾታውን ከፊት ያለችው ቃል ትነግርሃለች፤ «ሄ ቴዎቶኮስ» ሲባል «ሄ» የሴት ናት፣ የወንድ ቢሆን «ሆ» ይሆን ነበር።

ጥ፦ ታዲያ «ከአምላክ የተወለደ» ማለት እንዳልሆነ በምን ይታወቃል?

በድምፅ አነሳሱ! እኛ «አለ» ብለን ጽፈን ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል እንደሚሆነው፣ እነሱም ድምፁ የሚነሳበትን ቦታ በምልክት ያሳያሉ። ድምፁ «ቶ» ላይ ከተነሳ ወላጇ ናት፣ ወደ «ዎ» ከሄደ ተወላጁ ይሆናል። «ፕሮቶቶኮስ»ንም እዩት። መጀመሪያው «ቶ» ላይ ሲነሳ በኩር ነው፤ ሉቃስ 2፥7 ላይ «የበኩር ልጅዋን» የሚለው ይሄው ነው። ሁለተኛው «ቶ» ላይ ሲነሳ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች ማለት ነው፤ የጥንቱ ግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ጥጃዋ ላይ ቆማ የምትጠብቅ ላምን በዚሁ ቃል ነው የጠራት።

ጥ፦ ግሪክ አገር የሚኖር ጓደኛዬ «ቶኮስ» የባንክ ወለድ ነው አለኝ።

እውነቱን ነው። ከጥንት ጀምሮ መውለድም የብር ጭማሪም ማለት ነው፤ ብር የሚወልደው ብር። ቆይ፣ እኛስ ምን አልን? «ወለድ»! ከ«ወለደ»።

ጥ፦ ንስጥሮስ በዚህ ቃል ለምን ተጣላ?

የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ንስጥሮስ «ክርስቶቶኮስ» ይባል አለ፤ ክርስቶስን የወለደች። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ ቄርሎስ ደግሞ የተወለደው ራሱ አምላክ ነው፣ ስለዚህ ቃሉ አይነካም አለ። በ431 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የኤፌሶን ጉባኤ «ቴዎቶኮስ»ን አጸና።

ጥ፦ ቴዎድሮስና ፊልጶስም እንዲህ ጥምር ናቸው?

ናቸው። ቴዎድሮስ «ቴዎስ» እና «ዶሮን» ነው፣ የአምላክ ስጦታ። ፊልጶስ ፈረስ ወዳድ ነው።