ለቦንድ ገዢ ወጣቶች፦ ከወለድ ትንበያ በፊት የሚቀድመው ጥያቄ

ይድረስ የመጀመሪያ ቁጠባችሁን በቦንድ ላይ ለማዋል ለምታስቡ፣ በዚሁ ሙያም ለምትሠማሩ ወጣቶች።

ከእናንተ ዘወትር የሚደርሰኝ ጥያቄ «ወለድ ወዴት ይሄዳል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚነሣበትን ምክንያት እረዳለሁ። የንግድ ቀረጥ ፉክክር፣ ጦርነት፣ የመንግሥታት ዕዳ መቆለልና የዋጋ ግሽበት አለመርጋት ዓለምን ባወኩበት ወቅት፣ ገንዘቡን ለዓመታት የሚያበድር ሰው ነገ የሚመጣውን ማወቅ ቢሻ አያስገርምም። ነገር ግን በሙያው ብዙ ከቆየሁ በኋላ ጥያቄው ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ቦንድ ገዢ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው «ይህ ገንዘብ የሚያስፈልገኝ መቼ ነው?» የሚለውን ነው። የወለድ ትንበያ ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም ቢቀር የማይጎዳ ነገር ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ቦንድ ምን እንደሆነ ላስታውስ። ቦንድ ማለት መንግሥት ወይም ኩባንያ ከእናንተ ተበድሮ፣ በየጊዜው የተወሰነ ወለድ ሊከፍል፣ በተቆረጠ ቀንም ዋናውን ገንዘብ ሊመልስ የሚገባው ውል ነው። ውሉ የሚናገረው ስለ መጠንና ስለ ቀን ብቻ ነው። ቀኑ ሳይደርስ ብትሸጡት ስንት እንደሚያወጣ፣ ወይም የሚመለሰው ገንዘብ በዚያን ጊዜ ምን ያህል ዕቃ እንደሚገዛ አንዳች አይልም። በዚህ ገበያ ካየሁት ጉዳት አብዛኛው የደረሰው፣ ሰዎች ውሉ ያልተናገረውን እንደ ተናገረ አድርገው በመውሰዳቸው ነው።

3 በመቶ ወለድ የሚከፍል ቦንድ ይዛችሁ ሳለ 5 በመቶ የሚከፍል አዲስ ቦንድ ገበያ ላይ ቢወጣ፣ የእናንተን በሙሉ ዋጋው የሚገዛ አይገኝም፤ ገዢው የወለዱን ጉድለት የሚያካክስ ቅናሽ ይጠይቃል። የመመለሻው ቀን በራቀ መጠን ዝቅተኛውን ወለድ የሚሸከምበት ዘመን ስለሚረዝም ቅናሹም ይበረታል። ባለሙያዎች ይህን የሚለኩበት «ዱሬሽን» የሚባል ቁጥር አለ። ዱሬሽኑ 8 የሆነ ቦንድ የገበያው ወለድ በ1 የመቶኛ ነጥብ ሲጨምር ከዋጋው 8 በመቶ ገደማ ያጣል፣ ወለዱ ሲቀንስም በዚያው ልክ ገደማ ያተርፋል። ይህን ቁጥር ሳይጠይቅ የቦንድ ፈንድ (የብዙ ሰዎችን ገንዘብ አሰባስቦ ብዙ ቦንዶች የሚይዝ ተቋም ድርሻ) የሚገዛ ሰው ምን ያህል አደጋ እንደ ተሸከመ አያውቅም፤ ስለዚህ ከሽያጭ መግለጫው ሁሉ አስቀድማችሁ እርሱን ፈልጉ።

በ2020 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የኦስትሪያ መንግሥት በ2120 የሚመለስ የ100 ዓመት ቦንድ በ0.85 በመቶ ወለድ አወጣ፤ ገዢም አላጣም። በ2023 መጨረሻ ገደማ ግን ይኸው ቦንድ በመጀመሪያ ከተሸጠበት ዋጋ ከግማሽ በታች ይገበያይ ነበር። ኦስትሪያ ግን አንድም ክፍያ አላጓደለችም። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ወለድ ነበር፦ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ በ2022 መጀመሪያ ከዜሮ እምብዛም የማይርቀውን ወለድ እስከ ጁላይ 2023 ድረስ ወደ 5.25–5.50 በመቶ አድርሶት ነበር፤ የአውሮፓም ማዕከላዊ ባንክ በዚያው አቅጣጫ ተጉዟል። የአሜሪካን ቦንዶች በጅምላ የሚከታተለው ዋናው መለኪያ በ2022 13 በመቶ ገደማ አጣ። በዚያው ዓመት አክሲዮኖችም አብረው ስለ ወደቁ፣ «አክሲዮን ሲወድቅ ቦንድ ይደግፈኛል» ብሎ የተቀመጠ ሰው ከሁለቱም ወገን ተጎዳ። መደገፍ የሚችለው አክሲዮኑን የጣለው የኢኮኖሚ መቀዝቀዝ ሲሆን ነው፤ የጣለው የዋጋ ግሽበት ሲሆን ግን ያው በሽታ ቦንዱንም ያገኘዋል።

የጊዜን ነገር ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ያደረገልኝ በአሜሪካ የነበረው የሲሊከን ቫሊ ባንክ አወዳደቅ ነው። የባንኩ ቦንዶች በአብዛኛው የአሜሪካ መንግሥት ዋስ የቆመላቸው፣ ስለ መከፈላቸው የማያጠራጥሩ ነበሩ። ችግሩ ቦንዶቹ የሚመለሱት ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን አስቀማጮቹ ግን ገንዘባቸውን በማናቸውም ቀን ማውጣት መቻላቸው ነው። በማርች 2023 ባንኩ 21 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ቦንድ ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን አስታወቀ፤ በሁለት ቀን ውስጥም ተዘጋ። እስከ መመለሻው ቀን መያዝ ለሚችል ሰው የወረቀት ላይ ጉድለት ብቻ የሚሆነው ነገር፣ መሸጥ ግድ ለሆነበት ሰው እውነተኛ ኪሳራ ይሆናል።

የእንግሊዝ የጡረታ ፈንዶች ታሪክ ደግሞ የዚሁ ሌላ ገጽ ነው። ፈንዶቹ ለጡረተኞች ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚከፍሉት ዕዳ ስላለባቸው የረጅም ጊዜ ቦንድ መያዛቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ በብድርና በመሰል ውሎች ይዞታቸውን ከእውነተኛ ገንዘባቸው በላይ አስፍተውት ነበር። በሴፕቴምበር 2022 የመንግሥቱ የታክስ ቅነሳ ዕቅድ ይፋ ሆኖ የቦንዶች ዋጋ ሲያሽቆለቁል፣ አበዳሪዎቻቸው ተጨማሪ መያዣ በአስቸኳይ ጠየቁ፤ መያዣውን ለማግኘት ቦንድ ሲሸጡ ዋጋው ይበልጥ ወደቀ። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ እስከ 65 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ቦንድ ለመግዛት መዘጋጀቱን እስኪያስታውቅ ድረስ ሽብሩ አልበረደም። ስለዚህ በብድር ቦንድ አትግዙ። ብድሩ የ30 ዓመቱን ትዕግሥታችሁን ወደ አንድ ቀን ቀጠሮ ይለውጠዋልና።

አሁን ወደ ትንበያው ልመለስ። በሴፕቴምበር 2024 ፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ መቀነስ ጀመረ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም 1 የመቶኛ ነጥብ ቀነሰ። ይህን የገመቱ ብዙዎች የረጅም ጊዜ ቦንድ ዋጋ ይጨምራል ብለው ገዝተው ነበር። ሆኖም የ10 ዓመቱ የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ የትርፍ ምጣኔ (ቦንዱን በዕለቱ ዋጋ ገዝቶ እስከ መመለሻው የሚይዝ ሰው በዓመት የሚያገኘው በመቶኛ፤ ዋጋው ሲወድቅ ይጨምራል) በዚያው ወቅት ከ3.6 በመቶ ገደማ ተነሥቶ በጃንዋሪ 2025 ከ4.7 በመቶ አለፈ፤ የቦንዱም ዋጋ ወደቀ። የማዕከላዊውን ባንክ እርምጃ በትክክል ገምተው ሳለ ለኪሳራ ተዳረጉ ማለት ነው። ማዕከላዊ ባንክ በቀጥታ የሚወስነው የአጭር ጊዜውን ወለድ ነው። የረጅም ጊዜውን የሚወስኑት አበዳሪዎች ናቸው፤ እነርሱም የሚመለከቱት የወደፊቱን ግሽበት፣ መንግሥት ገና የሚበደረውን ብዛት፣ ለረጅም ጊዜ ስለ መታገሣቸውም የሚሹትን ካሣ ነው። ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ የአጭሩ ወለድ ከረጅሙ በልጦ ሲታይ፣ ይህ የድቀት ምልክት ነው ተብሎ ለ2023 በሰፊው የተነገረው የአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀትም አልመጣም። ይህን የምለው ተንባዮችን ለማሳነስ አይደለም፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ከእኔ የተሻሉ ናቸው።

እንዲህም ሆኖ ስለ ወደፊቱ የምናገረው አንድ ነገር አለኝ። ቦንድ ምን እንደሚያስገኝ ከሁሉ የተሻለው ጠቋሚ ሲገዛ ያለው የትርፍ ምጣኔ ነው። በኦገስት 2020 የ10 ዓመቱ የአሜሪካ ቦንድ የሚያስገኘው 0.5 በመቶ ገደማ ነበር። ዱሬሽኑ 6 የሆነና 0.5 በመቶ የሚያስገኝ ቦንድ የያዘ ሰው፣ የገበያው ወለድ ከ0.1 የመቶኛ ነጥብ ባነሰ ጭማሪ የዓመቱ ገቢው ይጠፋል። ያው ቦንድ 4 በመቶ የሚያስገኝ ከሆነ ግን ገቢው እስኪጠፋ ወለዱ 0.7 ያህል የመቶኛ ነጥብ መጨመር አለበት። ስለዚህ ዓለም ከቀድሞው ይልቅ የምታስፈራ ብትመስልም፣ 4 በመቶ ገደማ በሚገኝበት ጊዜ የሚገዛ ሰው በዚያ በ2020 ከገዛው ይልቅ በጠነከረ መሬት ላይ ቆሟል ብዬ አምናለሁ።

ግሽበትን በተመለከተ፣ አሜሪካ ከ1997 ጀምሮ ዋናው ገንዘብ ከዋጋ መለኪያ ጋር አብሮ የሚያድግ ቦንድ ታወጣለች። የአሜሪካ ግሽበት 9.1 በመቶ በደረሰበት በ2022 እነዚህም ቦንዶች በገበያ ዋጋቸው ከ10 በመቶ በላይ ማጣታቸው ብዙዎችን ግራ አጋብቷል። ነገሩ ግን ቀድሞ ከተባለው አይለይም፦ ጥበቃው የሚሠራው እስከ መመለሻው ቀን ለያዘ ሰው ሲሆን፣ በመካከሉ ዋጋቸው እንደ ማናቸውም ረጅም ቦንድ ይዋዥቃል።

ቃል የገባውን ወገን መመርመርም አይቀርም። በ2012 የግሪክ የግል አበዳሪዎች ከያዙት ዕዳ፣ በውሉ ላይ ከተጻፈው መጠን 53.5 በመቶው ተሰርዟል። አርጀንቲና በ2017 የ100 ዓመት ቦንድ በ7.125 በመቶ ወለድ ሸጣ በ2020 መክፈል ተሳናት። ዛምቢያ በ2020፣ ስሪላንካ በ2022 ክፍያ አቋርጠዋል። ከፍተኛ ወለድ ስታዩ ገበያው ስለዚህ ዓይነት አደጋ አስቀድሞ እየነገራችሁ መሆኑን አስቡ። ደግሞም ቦንዱ የሚከፈልበት ገንዘብ እናንተ የምታወጡት ገንዘብ ካልሆነ፣ የምንዛሪው ለውጥ ከወለዱ በላይ ሊወስን ይችላል።

በተግባር የምመክረው ገንዘባችሁን በተለያየ ጊዜ በሚመለሱ ቦንዶች ላይ እንድትከፋፍሉት ነው፤ ለምሳሌ በ1፣ በ2፣ በ3፣ በ4 እና በ5 ዓመት። አንዱ ሲመለስ፣ ገንዘቡ ካላስፈለጋችሁ እንደገና በ5 ዓመቱ ላይ ታውሉታላችሁ፤ ወለድ ቢጨምር አዲሱን ታገኛላችሁ፣ ቢቀንስም የቀሩት በቀድሞው ይቆያሉ። በፈንድ የምትገዙ ከሆነ ግን አብዛኛው የቦንድ ፈንድ ቦንዶቹን ያለማቋረጥ እየተካ የሚሄድ በመሆኑ የመመለሻ ቀን እንደሌለው ልብ በሉ። ገንዘቡን የምትፈልጉበት ጊዜ ከፈንዱ ዱሬሽን የሚያጥር ከሆነ ፈንዱ ለእናንተ የሚስማማ አይደለም። ነጠላ ቦንድ ስትገዙም ተበዳሪው ከቀኑ አስቀድሞ የመመለስ መብት ያለው መሆን አለመሆኑን ከውሉ አንብቡ፤ መብቱን የሚጠቀምበት ወለድ ሲቀንስ፣ ይኸውም እናንተ ገንዘቡን በተመሳሳይ ወለድ መልሳችሁ ማበደር በማትችሉበት ጊዜ ነውና።