ከሳራ ጎሜዝ ጀምሪ

እህቴ፣ ጥቁር የላቲን አሜሪካ ሴቶች ወደ ፊልም ሥራ እንዴት እንደገቡና ከማን እንደተማሩ ጠይቀሻል። እኔ ብሆን ከኩባዊቷ ሳራ ጎሜዝ ነው የምጀምረው።

ሳራ ሃቫና ውስጥ ሙዚቃ ተምራለች፣ በጋዜጠኝነትም ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1961 የኩባ ፊልም ተቋም ገባች። የኩባዊው ዳይሬክተር የቶማስ ጉቲዬሬዝ አሌያ ረዳት ነበረች። ፈረንሳዊቷ ዳይሬክተር አኜስ ቫርዳ ኩባ ስትመጣም አብራት ሠርታለች። ቫርዳ ከፎቶዎች በገጣጠመችው አጭር ፊልም ውስጥ ሳራ ቻ-ቻ-ቻ ስትጨፍር ትታያለች። ፎቶ መሆኑን እስክትረሺ ድረስ ነው የምትንቀሳቀሰው!

ከዚያ የራሷን አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ሠራች። ብቸኛው ረጅም ፊልሟ «ዴ ሲዬርታ ማኔራ» ግን ሌላ ነው። ተዋናዮችንና እውነተኛ የሰፈር ሰዎችን ቀላቅላበታለች። የፍቅር ታሪክ እያየሽ ድንገት ዘጋቢ ፊልም ይሆንብሻል፤ አሮጌው ሰፈር ሲፈርስ ታያለሽ። እኔን የሚገርመኝ ድፍረቷ ነው። የኩባን አብዮት ከልቧ ትደግፋለች። ግን የወንድ የበላይነት አዲስ ቤት ስለተሠራ ብቻ እንደማይጠፋ ፊት ለፊት ታሳያለች።

ፊልሙ ሳያልቅ፣ በ1974፣ በአስም ሞተች። ገና 31 ዓመቷ ነበር። እነ አሌያ ጨረሱላት፤ በ1977 ለእይታ በቃ። መጀመሪያ እሱን እዪ፣ ከዚያ ወደ አጫጭሮቹ ተመለሽ።